ይህ ሃያ የማን ነው?

በሥራ ዘመኔ ከጻፍኋቸው ቁጥሮች ሁሉ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ አንድ 20 ነው። የጻፍሁት በ2008 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ ድሬዳዋ ውስጥ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የሴቶች ዋርድ የሌሊት ተረኛ ሆኜ ሳለሁ ነበር። ከነርሲንግ ትምህርት ከተመረቅሁ ገና ስምንት ወሬ ነው። በቻርቱ ላይ የትንፋሽ ቁጥር በሚጻፍበት ረድፍ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በሚለው ዐምድ ሥር፣ በሰማያዊ እስክርቢቶ 20 ብዬ ጻፍሁ። አልቆጠርሁም ነበር።

ይህን የሚያነብ የጤና ባለሙያ ነገሩ እንግዳ እንደማይሆንበት አውቃለሁ። ሙቀት በቴርሞሜትር፣ የደም ግፊት ክንድ ላይ በሚታሰር ካፍና በስቴቶስኮፕ ይለካል፤ የልብ ምትም ቢሆን ቢያንስ የታካሚውን አንጓ መያዝን ይጠይቃል። ትንፋሽ ግን ከዐይንና ከእጅ ሰዓት ሌላ መሣሪያ የለውም፤ የሚጠይቀው ዝም ብሎ ቆሞ አንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠርን ነው። ሠላሳ ሁለት ታካሚዎች በተኙበት ዋርድ ሁለት ነርሶች ብቻ ሲያድሩ፣ የሁሉንም ትንፋሽ በሥርዓት መቁጠር ከግማሽ ሰዓት በላይ ይወስዳል። የጤነኛ አዋቂ ሰው ትንፋሽ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ነው ተብለን ስለተማርን ደግሞ፣ 20 ማንም «ለምን?» ብሎ የማይጠይቅበት ቁጥር ሆኗል። እጅ ልማዱን ተከትሎ ይጽፈዋል።

ያስተኛኋቸው እናት

ታካሚዋ ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ፣ ከከተማው ወጣ ካለ የገጠር ቀበሌ በሳንባ ምች ታመው የመጡ እናት ነበሩ። አማርኛ እምብዛም አይናገሩም፤ የምታስታምማቸው ልጃቸው ታስተረጉማለች። የድሬን ግንቦት የሚያውቅ ሰው የዋርዱን ሙቀት ልነግረው አያስፈልገኝም፤ የጣሪያው ቬንትሌተር ያንኑ ትኩስ አየር ያዞራል እንጂ አያበርድም ነበር።

ዙሬን ስጀምር እኒህን እናት በአልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። እግራቸው ወደ መሬት ተንጠልጥሏል፤ ሁለት እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለው፣ ትከሻቸውን ከፍ አድርገው፣ ወደ ፊት አዘንብለዋል። ልጃቸው «ሲስተር፣ መተኛት እምቢ አለች፤ ሳስተኛት መልሳ ትነሣለች» አለችኝ። እናትየዋም ቀና ብለው አዩኝና ደረታቸውን በመዳፋቸው ነካ አድርገው «ሀፉራ» አሉ። ድሬ ላደገ ሰው ይህ የኦሮምኛ ቃል አስተርጓሚ አያሻውም፤ ትንፋሽ ማለት ነው። ሰምቻለሁ፤ ገብቶኛልም። በዚያች ሰዓት በዐይኔ ፊት የነበረው ግን ከአልጋ ላይ ሊወድቁ የሚችሉ አንዲት አዛውንት፣ በእኔ ተራም ሊደርስ የሚችል አደጋ ነበር። «እማማ፣ ይረፉ፤ ጋደም ይበሉ» ብዬ እግራቸውን አንሥቼ በጀርባቸው አስተኛኋቸው። ከሁለቱ ትራሶች አንዱን አወጣሁት። አንሶላውን እስከ ደረታቸው ስቤ ጠርዙን ከፍራሹ ሥር ወተፍሁት። ልጅቱንም «እንዳትነሣ ጠብቂያት» አልኋት። ከዚያ ቻርቱን አንሥቼ ጻፍሁ።

የደም ግፊታቸውን ለክቼ ነበር፤ 104 በ62። በብብት የለካሁት ሙቀታቸው 38.4 ነበር። የልብ ምታቸውን ቆጥሬ 116 አግኝቻለሁ። እነዚህ ሦስቱ እውነት ናቸው፤ አራተኛው ብቻ ሐሰት ነው። ዛሬ ሳስበው የበለጠ የሚያስፈራኝ ይህ ነው፤ አራቱም ቁጥሮች ፈጠራ ቢሆኑ ኖሮ ምናልባት አንድ ሰው ይጠረጥር ነበር። ያልተቆጠረው 20 ግን ከሦስት የተለኩ ቁጥሮች ጎን ቆሞ የእነርሱን ታማኝነት ተከናንቧል። ቻርቱን የሚያነብ ሐኪም የትኛው ተለክቶ፣ የትኛው በልማድ እንደተጻፈ የሚለይበት ምንም መንገድ የለውም።

አንድ ደቂቃ

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ከአጠገባችን ካለው ዋርድ አንዲት አንጋፋ ነርስ ካኑላ (በደም ሥር መድኃኒት የሚሰጥበትን ቀጭን ቱቦ) ልትወስድ መጣች። ወጣቶቹ ሁሉ «እትዬ» ነበር የምንላት፤ ጡረታ ልትወጣ ጥቂት ዓመታት ቀርተዋታል። ካኑላውን ሰጥቻት ስትመለስ በእኒያ እናት አልጋ ግርጌ ቆመች። ቻርቱን የምታነብ መስሎኝ ነበር፤ ዐይኗ ግን ቻርቱ ላይ አልነበረም። ቀረብ ብላ እጃቸውን በቀስታ ያዘች፤ ሁለት ጣቶቿን አንጓቸው ላይ አሳርፋ፣ ደረት ኪሷ ላይ የተንጠለጠለችውን ሰዓት አየች። የልብ ምት የምትቆጥር መሰለኝ። ዝም አለች። እኔም ዝም አልሁ።

አንድ ደቂቃ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ከአልጋው ማዶ ቆሜ እርሷ የምታየውን ማየት ጀመርሁ። እናትየዋ ተንሸራተው ወደ አልጋው ግርጌ ወርደዋል፤ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ተደፍቷል። በአንሶላው ላይ የደረቡት ነጠላ ጥለት በፍጥነት ከፍ ዝቅ ይላል። በእያንዳንዱ ትንፋሽ ከአንገታቸው በታች፣ ከአጥንቱ በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ወደ ውስጥ ይሳባል። የአፍንጫቸው ቀዳዳዎች ይከፈታሉ። ይህ ሁሉ ከምሽቱ 3 ሰዓትም እዚያው ነበር።

እትዬ እጃቸውን መልሳ አስቀምጣ ቻርቱን አነሣች። በትንፋሽ ረድፍ የጠዋቱ 20 ነበር፤ የከሰዓቱም 20፤ የእኔም 20። ሦስት ተረኞች፣ ሦስት የእጅ ጽሕፈት፣ አንድ ቁጥር። ጣቷን የኔው ላይ አሳርፋ በዝግታ «ይህ ሃያ የማን ነው?» አለችኝ።

«የኔ ነው» አልኋት።

«ያንቺ መሆኑንማ ጽሕፈትሽን አውቀዋለሁ። የእርሳቸው ነው ወይ?»

መልስ አልነበረኝም። እርሷም መልስ አልጠበቀችም። «ሠላሳ አራት ቆጥሬያለሁ» አለችና ቻርቱን አስቀምጣ «በመጀመሪያ እናንሣቸው» አለች።

ያነሣንበትን መንገድ እስከ ዛሬ ለተማሪዎቼ እንደዚያው ነው የማሳያቸው። የእናትየዋን ጉልበት አጠፍን። ከሥራቸው የተነጠፈውን አንሶላ ከግራና ከቀኝ ወደ ጎናቸው አስጠግተን ጠቀለልነው፤ መዳፋችንን ወደ ላይ አድርገን ጨበጥነው፤ ወገባችንን ሳይሆን ጉልበታችንን አጥፈን «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብለን ወደ ራስጌው አወጣናቸው። የአልጋው ራስጌ ማንሻ የተበላሸ ነበር። እትዬ ግን የአስታማሚዋን ወንበር ጠይቃ፣ ገልብጣ፣ የመደገፊያውን ጀርባ ከፍራሹ ራስጌ ሥር ሻጠችው፤ ፍራሹም ተነሥቶ የሚደገፉበት ተዳፋት ሆነ። ትራሶቹን በላዩ ደረደረች። እንደገና እንዳይንሸራተቱ ብርድ ልብስ ጠቅልላ ከጉልበታቸው ሥር አደረገች፤ ክንዶቻቸውም እንዳይጎተቱ በትራስ ደገፈቻቸው። እናትየዋ ዐይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ወደ ኋላ ጣል አደረጉ። የትከሻቸው ጡንቻ ሲላላ አየሁት።

ኦክስጅን በአፍንጫቸው አደረግን፤ ተረኛውን ሐኪም ጠራን። የጣት ኦክስጅን መለኪያው በጣታቸው ላይ ቁጥር አልይዝ አለ፤ እጃቸው በጥቁር ሂና ያጌጠ ነበር። እትዬ ሂና ያልነካውን የእግር ጣት ፈልጋ ስታደርገው 88 በመቶ አነበበ፤ ዝቅ ያለ ነው። ይህን ማወቅ በእኛ አካባቢ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ጥቁር ሂና የመለኪያውን ብርሃን ሊያግደው ስለሚችል ሌላ ቦታ መሞከር ያስፈልጋል። ሐኪሙ መጣ፤ መድኃኒታቸው ተቀየረ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እትዬ «አሁን አንቺ ቁጠሪ» አለችኝ። አንጓቸውን ይዤ፣ ዐይኔን ጥለቱ ላይ ተክዬ ቆጠርሁ። 28 ነበር።

አንጓ ይዞ ትንፋሽ የሚቆጠርበት ምክንያት አለው። ሰው ትንፋሹ እየተቆጠረ መሆኑን ካወቀ ሳያስበው ያስተካክለዋል፤ ወይ ያዘገየዋል፣ ወይ በረጅሙ ይስበዋል። የልብ ምቱ የሚቆጠር ከመሰለው ግን ትንፋሹን ለራሱ ይተወዋል። ይህን በትምህርት ቤት ተምሬ ለፈተና ጽፌ ነበር። በሰው እጅ ላይ ሲሠራ ያየሁት ግን ያን ሌሊት ነው።

በመጨረሻ ስለ 20ው ጠየቅኋት። አስተካክዬ ልጻፍበት ወይ ልፋቀው አልኋት። «አይፋቅም፤ አይደለዝም» አለች። «እንዲነበብ ሆኖ አንድ መስመር ብቻ አሥምሪበት፤ አጠገቡ ፈርሚ። ያሁኑን በአሁኑ ሰዓት ጻፊ።» እንዳለችው አደረግሁ። ሌሎቹ ሁለት ሃያዎች ግን የኔ ስላልነበሩ ላሠምርባቸው አልቻልሁም። በዚያው ረድፍ እንዳሉ ቀሩ።

እኒያ እናት በዘጠነኛው ቀን በእግራቸው ወጡ። ሲወጡ ፈልገውኝ መጡና ሁለት እጆቼን ይዘው ረጅም ምርቃት መረቁኝ። ልጃቸው እየሳቀች «ያቺ ሌሊት ያነሣችኝ ልጅ ናት እያለች ነው» ብላ ተረጎመችልኝ። ያነሣኋቸው እኔም ነኝ፤ ያስተኛኋቸውም እኔ ነኝ። ያንን ልነግራቸው ቃል አጥቼ «አሜን» ብቻ አልሁ።

«ሙያ በልብ ነው» የሚለውን ሳስብ

ለምን እንዳደረግሁት ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ሰነፍ አልነበርሁም፤ በዚያች ሌሊት አንድም ጊዜ አልተቀመጥሁም። ቸኩዬ ነበር፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ያተረፍሁት አንድ ደቂቃ የሁለት ነርሶችንና የሐኪሙን ብዙ ሰዓት በላ። ነገር ግን ችኮላ ብቻውን ሙሉ መልስ አይመስለኝም። ቸኩሎም ሰው ቦታውን ባዶ መተው ይችላል። ባዶ ቦታ ቢያንስ «ይህ አልታየም» ብሎ እውነቱን ይናገራል፤ የሚቀጥለው ተረኛም አይቶ ይሞላዋል። እኔ ባዶ ቦታ ያስነቅፈኛል ብዬ ፈራሁ፤ ስለዚህ በባዶው ፈንታ ሐሰት ጻፍሁ።

«ሙያ በልብ ነው» እንላለን። በቤት ውስጥ መልካም አነጋገር ነው፤ ችሎታውን የማያወራ ሰው ያስከብራል። በዋርድ ውስጥ ግን ሙያ በልብ ቢቀር ታካሚ ይጎዳል። እኔ በምሽት ያየሁት ለሌሊቱ ተረኛ፣ እርሱ ያየው ለጠዋቱ ሐኪም የሚደርሰው በወረቀቱ በኩል ብቻ ነው። ቻርቱ በማላውቀው ሰዓት፣ የማላውቀው ሰው ፊት በስሜ ይመሰክራል። ያልቆጠርሁትን መጻፌ ያላየሁትን አየሁ ብሎ ከመመስከር አይለይም። ከኔ በፊት የነበሩት ሁለት ሃያዎች እኔን አዘናግተውኛል፤ «ቀኑን ሙሉ ደኅና ነበሩ» አሰኝተውኛል። የኔው ደግሞ ከእኔ በኋላ የሚመጣውን ሊያዘናጋ ተዘጋጅቶ ነበር።

ከቫይታል ሳይን (ከሙቀት፣ ከደም ግፊት፣ ከልብ ምትና ከትንፋሽ ልኬቶች) ሁሉ ደግሞ በዚህ መንገድ ልንሠዋው የማይገባን ትንፋሽ ነው። የታመመ ሰውነት ግፊቱ ከመውረዱ በፊት ብዙ ሰዓት ቀድሞ ትንፋሹን ያፈጥናል፤ ኦክስጅን ሲያንሰው፣ ደሙ አሲድ ሲበዛበት፣ ኢንፌክሽን ወደ ደም ሲገባ መጀመሪያ የሚጨምረው ይህ ቁጥር ነው። የብሪታንያው የሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው የቅድመ ማስጠንቀቂያ ነጥብ አሰጣጥ፣ በደቂቃ 25 እና ከዚያ በላይ የሆነ ትንፋሽ ብቻውን ከፍተኛውን 3 ነጥብ ያገኛል፤ አንድ ልኬት ብቻ 3 ነጥብ ከደረሰም ታካሚው በአስቸኳይ እንዲታይ ያዝዛል። በዚህ ሚዛን ቢሆን የእኒያ እናት 34 ብቻውን ሐኪም ያስጠራ ነበር። 20 ደግሞ ነጥቡ ዜሮ ነው።

እኛ በሆስፒታል ቸል ያልነውን በገጠር ጤና ኬላ ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በጥንቃቄ ሲሠሩት አይቻለሁ። ሳል ያለበት ሕፃን ሲመጣላቸው እናቲቱ እንድታረጋጋው ያደርጋሉ፤ ልብሱን ገልጠው ደረቱንና ሆዱን እያዩ ሙሉ ደቂቃ ይቆጥራሉ። ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ላለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ላለ ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ነው ብለው ሕክምናውን ይጀምራሉ። ኤክስሬይም ላቦራቶሪም በሌለበት፣ ውሳኔያቸው የተመሠረተው በዚያ ቆጠራ ላይ ነው። አንድን ሕፃን ለማዳን በቂ ሆኖ የተገኘ ቆጠራ፣ በሆስፒታል ውስጥ ለምን ቦታ መሙያ እንደሆነ ማንም ሊያስረዳኝ አልቻለም።

አቀማመጥ የሚናገረው

ለረጅም ጊዜ ያን ሌሊት የማስታውሰው በቁጥሩ ብቻ ነበር። እየቆየሁ ስመለከተው ግን ሁለተኛው ጥፋቴ ከመጀመሪያው ይከፋል። ቁጥሩን ባልቆጥር እንኳ እናትየዋ በአቀማመጣቸው ነግረውኝ ነበር።

በነርሲንግ ትምህርት የአስተኛኘትና የአቀማመጥ ዓይነቶችን ስም በቃል እናጠናለን። ራስጌ ከፍ ብሎ በከፊል ተቀምጦ መደገፍ የፋውለር አቀማመጥ ይባላል፤ ስሙም የተወሰደው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ፣ በሆድ ውስጥ የቋጠረ መግል ወደ ታች እንዲወርድ ታካሚዎቹን በዚህ መልክ ያስቀምጥ ከነበረው አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ከጆርጅ ራየርሰን ፋውለር ነው። ራስጌው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ሲሆን ግማሽ ፋውለር፣ ከ60 ሲያልፍ ከፍተኛ ፋውለር እንለዋለን። እኒያ እናት ይህን ስም ሰምተው አያውቁም። ነገር ግን ቀጥ ብሎ መቀመጥ የሆድ ዕቃን ወደ ታች አውርዶ ለሳንባ ቦታ እንደሚለቅ፣ እጅን ጉልበት ላይ መትከል ደግሞ የአንገትና የደረት ጡንቻዎች ለትንፋሽ እንዲያግዙ እንደሚያደርግ ሰውነታቸው ያውቃል። መድኃኒታቸውን ራሳቸው አግኝተው ተቀምጠዋል። እኔ መጥቼ፣ በደግነት፣ ቀማኋቸው።

ከዚያ ወዲህ አንድን ታካሚ ከመንካቴ በፊት እንዴት እንደተቀመጠ ወይም እንደተኛ አያለሁ። ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሰብስቦ ንቅንቅ የማይል ሰው ስለ ሆዱ ይነግረኛል። ሦስት ትራስ ደራርቦ ካልሆነ አልተኛም የሚል ሰው ስለ ልቡ ይነግረኛል። ስለዚህ «ሌሊት እንዴት ይተኛሉ?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ «ወንበር ላይ ነው የማድረው» የሚል መልስ ሲመጣ ጥያቄው ትንሽ እንዳልነበረ ይገባኛል።

ሌላው ደግሞ ራሱ መገላበጥ የማይችል ሰው ነው። ስትሮክ የመታው፣ ዳሌው የተሰበረ፣ ራሱን ያላወቀ ሰው የሚሻለውን አቀማመጥ መርጦ ሊያሳየን አይችልም፤ በእርሱ ፈንታ የምናውቅለት እኛ ነን። ራሱን የሳተና የሚተነፍስ ሰው ምላሱና ትውከቱ የአየር መንገዱን እንዳይዘጉበት በጎኑ ይተኛል። የስትሮክ ታካሚ ምግብ ከመቅመሱ በፊት ቀጥ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ከበላም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል እንደተቀመጠ ይቆያል። እርግዝናዋ ከአጋማሹ ያለፈ ሴት በጀርባዋ ከተኛች ማሕፀኗ ወደ ልብ ደም የሚመልሰውን ትልቁን የደም ሥር ሊጫነው ስለሚችል ወደ ግራ ጎኗ ዘንበል ማለት ይሻላታል።

የአልጋ ቁስልን በተመለከተ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን የሚያህል ትምህርት አላገኘሁም። በወገብ ግርጌ፣ በዳሌ ጎንና በተረከዝ ላይ ቆዳው በአጥንትና በፍራሽ መካከል ተጨፍልቆ ደም ሲያጣ የመጀመሪያው ምልክት ሲጫኑት የማይለቅ መቅላት ነው፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ ግን ይህ መቅላት ላይታይ ስለሚችል በእጅ ዳስሶ ሙቀቱንና ጥንካሬውን መለየት ያስፈልጋል። በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ የተለመደው ሥርዓት ነው። ሙሉ በሙሉ በጎን ከማስተኛት ይልቅ ከጀርባው ትራስ ደግፎ ወደ 30 ዲግሪ ማዘንበል የዳሌውን አጥንት ያሳርፋል፤ ከባት ሥር የሚገባ ትራስም ተረከዙን ከፍራሹ ያላቅቀዋል። በድሬ ሙቀት ላብ የነካው አንሶላ በዚህ ላይ ይጨመራል፤ እርጥብ ቆዳ ቶሎ ይላጣልና። ለአስታማሚዎች ይህን ሳስተምር እጃቸውን ይዤ ቦታውን አስነካቸዋለሁ። እነርሱ ከእኛ ይልቅ ሌሊቱን ሙሉ ከአልጋው አጠገብ ናቸው፤ አንድ ጊዜ ካሳየናቸውም አይረሱም።

ከበርጫ የመጡት አባት

ከዚያች ሌሊት አንድ ዓመት በኋላ ወደ ተመላላሽ ክፍል ተዛውሬ የደም ግፊት ክትትል ላይ ሠራሁ። አንድ ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ በሽርጥ የመጡ አንድ አባት ገቡ፤ ሲለኩ 168 በ102፣ የልብ ምታቸው 104። የመድኃኒታቸው መጠን እንዲጨመር ወደ ሐኪሙ ልልካቸው ስል የእትዬ ጥያቄ በጆሮዬ መጣ። «አባባ፣ አሁን ከየት ነው የመጡት?» አልኋቸው። «ከበርጫ ተነሥቼ ነው፤ አቦ፣ ቀጠሮዬን አስታውሼ!» አሉ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ግፊትንም የልብ ምትንም ይጨምራል። በማግስቱ ጠዋት ጫትም ቡናም ሳይነኩ እንዲመጡ ነገርኋቸው። መጡ፤ አምስት ደቂቃ አርፈው፣ ጀርባቸውን ተደግፈው፣ እግራቸውን ሳያነባብሩ መሬት ላይ አሳርፈው፣ የተራቆተ ክንዳቸው በልባቸው ትክክል ጠረጴዛ ላይ ሆኖ፣ ሳናወራ ለካሁ፤ 138 በ86። ሁለቱንም ቁጥሮች ከነሁኔታቸው ጻፍኋቸው። የመጀመሪያው ሐሰት አልነበረም፤ በየቀኑ የሚቅሙ ሰው ደም ሥራቸው በየቀኑ የሚሸከመው ነውና ሐኪሙ ሊያውቀው ይገባል። ብቻውን ቢጻፍ ግን ላልተፈለገ መድኃኒት በር ይከፍት ነበር።

በዚያ ክፍል ውስጥ የታካሚ አቀማመጥና የልኬት ቁጥር አንድ ነገር መሆናቸውን በየቀኑ አየሁ። ክንድ ከልብ በታች ከተንጠለጠለ ግፊቱ ከፍ ብሎ ይነበባል፤ ከልብ በላይ ከሆነ ዝቅ ብሎ። ለወፍራም ክንድ ጠባብ ካፍ ከታሰረም ንባቡ ያለ አግባብ ይጨምራል። በድሬም ሆነ በሐረር ብዙ እናቶች ክንዳቸውን በሰው ፊት መግለጥ ስለሚከብዳቸው ካፉ በልብስ ላይ ይታሰራል፤ ወይም እጅጌው ተጠቅልሎ ክንዱን አንቆ ይይዛል። መፍትሔው አንድ መጋረጃና ትንሽ ትዕግሥት ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ ንባቡን እንዳለ መጻፍ አለ። የግፊት መለኪያው ላይ በእያንዳንዱ ጭረት መካከል ያለው ልዩነት 2 ነው፤ ስለዚህ 124 ወይም 136 ሊነበብ ይችላል። በአንድ መዝገብ ላይ ሁሉም ሰው 120 በ80 እና 130 በ80 ሆኖ ሳይ ልቤ ይደነግጣል፤ የኔን 20 አይበታለሁና።

የማይተነፍሰው አሻንጉሊት

አሁን ተማሪዎችን በክህሎት መለማመጃ ክፍል አስተምራለሁ። በዚያ የምንጠቀምበት አሻንጉሊት አይተነፍስም። ተማሪው በፈተና ቀን አጠገቡ ቆሞ «ትንፋሽ ለአንድ ደቂቃ እቆጥራለሁ» ብሎ ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ፈታኙ በቼክ ሊስቱ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ይህን በተመለከትሁ ቁጥር የኔ 20 ከየት እንደመጣ ጥቂት ይገባኛል። ሳይቆጥሩ ቆጠርሁ ማለትን ያስተማርነው እኛው ነን። ስለዚህ በኔ ክፍል አሻንጉሊቱ ለአስተኛኘት ልምምድ ብቻ ያገለግላል፤ ትንፋሽን ተማሪዎቹ አንዱ የሌላውን ነው የሚቆጥሩት። ሙሉ ደቂቃ፣ በዝምታ። በመጀመሪያው ቀን ይሳሳቃሉ፤ በሦስተኛው ቀን ክፍሉ ጸጥ ይላል።

ባለፈው ሚያዝያ አንዱን ተማሪ ይዤ ዋርድ ወጣሁ። ከቀዶ ሕክምና የወጡ አንድ ሰው ቫይታል ሳይን እንዲወስድ አዝዤው ተመልሼ ቻርቱን ሳይ፣ በትንፋሽ ረድፍ 20 ተጽፏል። የጽሕፈቱ መልክ እንኳ የኔን ይመስላል። «ይህ ሃያ የማን ነው?» አልሁት፤ ድምፄ ካሰብሁት በላይ ጠንከር አለ መሰለኝ፣ ልጁ ቀይ ሆነ። «የእርሳቸው ነው፣ ሲስተር» አለኝ።

አብረን ወደ አልጋው ሄድን። ታካሚው ራስጌያቸው ከፍ ተደርጎ፣ ከጉልበታቸው ሥር የተጠቀለለ ብርድ ልብስ ገብቶ ተደግፈዋል፤ ያደረገው እርሱ ነው። አንጓቸውን ያዝሁ። ቬንትሌተሩ ይዞራል፤ ከማዶ አልጋ አንድ አስታማሚ ሻይ ትቀዳለች። ዐይኔን ደረታቸው ላይ ተክዬ ከመጀመሪያው ሰከንድ እስከ ስልሳኛው ቆጠርሁ። ልጁም ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ከኔ ጋር ይቆጥር ነበር።

20 ነበር።